«አደፍርስ»ን ለመድረክ፤ መቀሱን ግን አስቀምጡልን!

ወልድያ ላይ ምን ቲያትር ይታይ ብትሉኝ «አደፍርስ» እላለሁ። «ተነቦ ያልገባን መጽሐፍ ታይቶ ሊገባን ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የዳኛቸው ወርቁ ልቦለድ በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ አንባቢ ግራ ተጋብቶበታል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ብቻውን ተረከው፤ አገር ምድሩ ጆሮውን ሰጠ። ተራኪው እጅ ይዞ ይወስዳላ! በ«አደፍርስ» ግን ተራኪው ወደ ኋላ ብሏል፤ ክርክሩ፣ ወሬው፣ ተረትና ምሳሌው በየሰዉ አፍ ተበትኗል። ይህን አንድ ድምፅ አይችለውም። መድረክ ይችለዋል። ዳኛቸው ራሱስ ተውኔት ጸሐፊ አልነበረም እንዴ?

የምፈራው መቀሱን ነው። አዘጋጁ «ሕዝቡ አይገባውም» ብሎ አስረጂ ይጨምርበታል። አለዚያም የተማረውን አደፍርስን ጀግና፣ ባለርስቷን ወይዘሮ አሰጋሽን ጭራቅ አድርጎ ይገላገላል። ሹማምንትም የሚወዱት ይህንኑ ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ክርክር! ዳኛቸው ግን አደፍርስንም አልማረውም፤ ስለ ለውጥ ይናገራል፣ ይናገራል... አጠገቡ ያለውን ባላገር ግን መች አወቀው?

ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ስንመጣ ጣርማበርን ወርደን በምናልፋት በደብረ ሲና አካባቢ ነው። መጽሐፉ በወጣ በሦስት ዓመቱ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ደበቀው። ስለ ባላገሩ ብዙ ሲወራ ባላገሩ ምን እንደሆነ የወልድያ ሰው አይነገረውም፤ እሱ ነው ነጋሪው። እናም ያ ክርክር ሳይቆረጥ ሲቀርብለት ለማን እንደሚያጨበጭብ፣ በየትኛው ቃል ላይ ዝም እንደሚል ከአዳራሹ ኋላ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።