ዕርቅ ሁሉ ሠርግ አይደለም

ኔትፍሊክስ በየካቲት 2016 ዓ.ም. «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር»ን በሰው ተዋንያን ሠርቶ ስምንቱን ክፍል በአንድ ቀን ከለቀቀ ወዲህ፣ እዚህ አርባ ምንጭ ስለ ፊልሙ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፦ ካታራ ለማን ትሁን? ለአንግ ወይስ ለዙኮ? ሲቀላ ሻይ ቤት ውስጥም፣ ዩኒቨርሲቲው ዶርም ውስጥም፣ ወደ ሴቻ ባጃጅ ሲጠበቅም ያው ነው። ልጆቹ «ሺፕ ማድረግ» ይሉታል፤ ሁለት ገጸ ባሕርያትን አጣምሮ ለጥምረቱ ጠበቃ መቆም። ልማዱ ከዓለም ዙሪያ አድናቂዎች የመጣ ነው። እኔም ይህን ታሪክ ከልቤ የምወድ ሰው ነኝ። ስለምወደውም ነው ልማዱ ታሪኩን እያራቆተው መሆኑን ሳልሸፋፍን የምናገረው።

ላላየው አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ዓለሙ የውኃ፣ የምድር፣ የእሳትና የአየር ሕዝቦች የሚኖሩበት ነው። የእሳት መንግሥት የአየርን ሕዝብ ጨርሶ አጥፍቶ ሌሎቹን መቶ ዓመት ሲወጋ ኖሯል። አንግ ከጠፋው ሕዝብ የተረፈ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ አራቱንም የተፈጥሮ ኃይል ማዘዝ ተምሮ ጦርነቱን የማስቆም ዕዳ ወድቆበታል። ካታራና ወንድሟ ሶካ ከደቡብ የውኃ ሕዝብ ናቸው፤ እናታቸውን የገደለው የእሳት ወታደር ነው። ዙኮ ደግሞ የእሳቱ ንጉሥ የኦዛይ ልጅ ነው። አባቱ ፊቱን አቃጥሎ ካገር አባሮታል፣ አንግን ማርኮ ካላመጣ አይመለስም። አጎቱ አይሮ አብሮት ተሰዷል። ኒኬሎዲዮን ከ1997 እስከ 2000 ዓ.ም. በ61 ክፍል ያሳየው ካርቱን የተረከው ይህንኑ ነው፤ ልጆቹም አዲሱን ሥራ የሚያዩት ካርቱኑን በልባቸው ይዘው ነው።

የዙኮና የካታራ ደጋፊዎች ዋና ማስረጃ ከካርቱኑ ሦስተኛ ሲዝን የሚመጣ አንድ እቅፍ ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ዙኮ አባቱን ከድቶ ወደ እነ አንግ ከተቀላቀለ በኋላ ካታራ ልታምነው አልቻለችም። እሱም የእናቷን ገዳይ ለማግኘት ረዳት። ገዳዩን ሽማግሌ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ንቆት፣ ከእናቱ ጋር እየተነታረከ ሲኖር አገኙት። ዝናብ እየዘነበ ነበር። ውኃን የማዘዝ ኃይል ያላት ካታራ ዝናቡን አየር ላይ አቆመችው፣ ወደ በረዶ ጦር ለወጠችው፣ ወደ ሰውየው ወረወረችው፤ ፊቱ ዘንድ ሲደርስ ያዘችው። ሰውየው ነፍሱን ለማዳን የገዛ እናቱን በምትኩ እንድትገድል አቀረበላት! ጥላው ሄደች። በኋላ ውኃ ዳር ተቀምጣ ለአንግ የነገረችው ገዳዩን ይቅር እንዳላለች፣ መቼም እንደማትለው ነው፤ ዙኮን ግን ይቅር ልትል ዝግጁ ነበረች። ተነሥታ አቀፈችው።

ከመረቡ የሚወርዱት ቅንጥቦች እዚህ ላይ ይቆረጣሉ። እቅፉ፣ ሙዚቃው፣ ልብ። ከእቅፉ ቀጥሎ ያለውን ማንም አይልከውም። ዙኮ ወደ አንግ ዞሮ፣ በቀል አይበጃትም ማለቱ ልክ እንደነበረ ያምንለታል፤ ወዲያውም ይጠይቀዋል፦ ታዲያ አባቴ ፊት ስትቆም ምን ልታደርግ ነው? የታሪኩ ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። መግደልን የማያውቅ ልጅ፣ ሕዝቡን ያጠፋ መንግሥት ንጉሥ ፊት ሲቆም ምን ያደርጋል? ጥያቄው የተወለደው ከካታራ ምሕረትና ምሕረት መንፈግ ነው። አንዱን ይቅር ብላ ሌላውን አላለችም፤ ለምን? ዙኮ ምን አደረገ፣ ያ ሽማግሌ ምን ጎደለው? አንድ ሙሉ ሌሊት የሚያነጋግር ጉዳይ ነው። እኛ ግን «ይዋደዳሉ» ብለን ዘጋነው።

ይህን ያህል የሚቆጨኝ እዚህ ጋሞ ውስጥ ስለምኖር ነው። ስለ ዕርቅ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ተመልካች ከየት ይመጣል? የጋሞ ሽማግሌ ነገር ሲያይ በዱቡሻ፣ በአደባባይ ነው። በዳይና ተበዳይ እንዲተቃቀፉ ከመጠየቃቸው በፊት እውነቱ መውጣት አለበት፤ ጎሜ፣ ማለትም ክልክልን የጣሰ ጥፋት፣ የተሸፈነ እንደሆነ መዘዙ በበዳዩ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ ማሳው ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ መናዘዝ አለ፣ ጥፋትን በአፍ መጥራት አለ፣ ካሳ አለ። ዙኮ ያለፈበትን መንገድ ከዚህ ጋር አስተያዩት። እነ አንግ ወዳሉበት ሲመጣ ጥፋቱን ዘርዝሮ ተንበረከከ፤ እስረኛ አድርጋችሁ ውሰዱኝ አለ። አባረሩት። በመጨረሻም እህቱ አዙላ ካታራ ላይ የወረወረችውን መብረቅ በገዛ ደረቱ ተቀበለ፤ ያዳነችውም ካታራ ናት። ደጋፊዎቹ ይህን የፍቅር ማረጋገጫ ያደርጉታል። እኔ የማየው ካሳ ነው፤ ከእሳት መንግሥት እጅ እናቷን ላጣች ልጅ፣ የዚያው መንግሥት ልጅ በሰውነቱ የከፈለው ካሳ።

መንበርከክንም በዓይናችን አይተናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ መርዶው አርባ ምንጭ ደረሰ። ቁጣ የያዛቸው ወጣቶች ለበቀል ወጡ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ነውር ነውና ወጣቶቹ ቆሙ፤ ከተማዋም ከደም ዳነች። በዚያ ቀን የተንበረከከው በዳይ አልነበረም። ልጆቹ የሞቱበት ወገን ነው በገዛ ልጆቹ ፊት የተንበረከከው። ይህን ያየች ከተማ ልጆች፣ ሰው ከሰው ጋር ሲታረቅ የሚያሳይ ታሪክ ሲቀርብላቸው ከመጠናናት ሌላ ስም አጥተው ማየት ያሳዝናል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ካታራ ለዙኮ ትሁን የሚለው ክርክር ሲደመደም ሁልጊዜ አንድ ውብ የሚመስል ሐሳብ ይመጣል፦ የውኃዋ ልጅና የእሳቱ ልጅ ሲጋቡ ሁለቱ ሕዝቦች ይታረቃሉ። ይህን ሐሳብ እናውቀዋለን፤ ሞክረነዋልም። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ከገበሩ በኋላ፣ ስምምነቱን ለማጽናት የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ተዳረች። ስድስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች። አርአያ በ1880 ዓ.ም. ሲሞት ሁለቱ ነገሥታት እንደገና በጥርጣሬ ይተያዩ ነበር። ሠርጉ ሰላሙን አላቆመውም፤ ልጅነቷን ግን ወስዶታል። በየገጠሩም ደም ለማድረቅ ሴት ልጅ የተሰጠችበትን ዘመን አያቶቻችን ያወሩናል። እናቷን የቀበረች ልጅ፣ ቂሟን በገዛ እጇ መዝና፣ ማንን ይቅር እንደምትል ራሷ የወሰነች ልጅ፣ በእኛ ክርክር ተመልሳ የሰላም መማለጃ ትሆናለች። ከዚያ ሁሉ ትግል በኋላ የምንጠይቃት «ለማን ትሁን» ብለን ነው።

እርግጥ የአንግ ደጋፊዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ካርቱኑ የሚዘጋው በሁለቱ መሳሳም ነው፤ በእኔ ግምት ያ ትዕይንት ከሥራው ሁሉ ጥድፊያ የበዛበት ነው። ካታራ ለጀግናው የተሰጠች ሽልማት ትመስላለች። ይህን የሚተቹ ትክክል ናቸው። ሽልማቱ ለሌላው ይሰጥ ብለው ሲቀጥሉ ግን ስሕተቱን አላረሙም፣ የተሸላሚውን ስም ብቻ ቀየሩት።

የኔትፍሊክሱ ሥራ በዚህ ረገድ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ሠርቷል፤ የተሰደበውም በዚያው ነው። በካርቱኑ የሁለቱ ፍቅረኞች ዋሻ ውስጥ የሚጠፉት አንግና ካታራ ናቸው፤ ጨለማው ውስጥ ሊሳሳሙ ሲቃረቡ ድንጋዮቹ አብርተው መንገዱን ያሳያሉ። በአዲሱ አራተኛ ክፍል ግን ዋሻው ውስጥ የሚገቡት ካታራና ወንድሟ ሶካ ናቸው። እየተጣሉ ይገባሉ። በጨለማ የሚኖሩት ግዙፍ አውሬዎች የሰው ስሜት እንደሚሰማቸው ሲደርሱበት፣ መውጫውን ያገኙት እርስ በርስ ያላቸውን ፍቅር ይዘው ነው። አብረውኝ ያዩት ልጆች እዚህ ላይ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «የፍቅረኞች ዋሻ ውስጥ ወንድምና እህት ምን ይሠራሉ?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። እናታቸው የተገደለችባቸው፣ አባታቸው ጦርነት የሄደባቸው፣ ከአያታቸው ጋር ያደጉ ሁለት ልጆች ናቸው። ከዚያ ጨለማ ለመውጣት ከዚህ የበለጠ ምን ፍቅር ያስፈልጋል? ትዕይንቱ ንግግር እንደበዛበት አልክድም፤ ሐሳቡ ግን ከካርቱኑ ይበልጣል።

በሌላ በኩል ይኸው ሥራ ራሱ የአድናቂዎቹ በሽታ የተጋባበት ቦታ አለ። በካርቱኑ ሶካ ሴትን የሚንቅ ልጅ ሆኖ ይጀምራል። የኪዮሺ ደሴት ሴት ተዋጊዎች ይረቱታል፤ ያፍራል፤ ይመለስና በአለቃቸው በሱኪ ፊት ተንበርክኮ አስተምሪኝ ይላታል፤ የእነሱንም የሴት ልብስ ለብሶ ይማራል። በአዲሱ ሥራ ንቀቱ ተቀነሰ፤ ተዋንያኑም ይህንን ሳይደብቁ ተናግረዋል። ንቀቱ ሲወጣ ማፈሩም ወጣ፣ መንበርከኩም ወጣ። በቦታው የገባው የሶካና የሱኪ መጠናናት ነው። የካታራ ቁጣም እንዲሁ ለዝቧል፤ በካርቱኑ በንዴቷ የበረዶ ተራራ የምትሰነጥቅ ልጅ እዚህ አንገቷን የደፋች ሆናለች። ቁጣዋ ከአሁኑ ካልተተከለ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ምን ይቅር ልትል ነው? የካርቱኑ ፈጣሪዎች ዲማርቲኖና ኮኒየትስኮ በ2012 ዓ.ም. ከዚህ ሥራ ጥለው መውጣታቸው የሚቆጨኝ እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ስለ ዙኮና ስለ አይሮ የሚከራከር ሰው አለማግኘቴ ደግሞ ሌላው ቁጭቴ ነው፤ ባጎት እጅ ማደግን እኛ እናውቃለን። ከጨንቻና ከዶርዜ ስንት ልጅ ነው ሸማ ሥራ ሊማር ከዘመድ ጋር ወደ ሽሮ ሜዳ የሄደው! ያጎት ቤት ሆኖለት ሙያ ይዞ፣ ትምህርቱን ተምሮ ለወግ የበቃ አለ፤ ሌሊትና ቀን ማግ ሲያጠነጥን ልጅነቱ ያለቀበትም አለ። የሰው ልጅ በአደራ የተቀበለ አጎት ምን ያደርግበታል የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። አይሮ ራሱ የጦር መሪ ነበር፤ ልጁን በጦርነት ቀብሯል። አዲሱ ሥራ የዚያን ልጅ ቀብር አሳይቶናል፤ ለቀስተኛው ሁሉ የወግ ቃሉን እየተናገረ ሲያልፍ፣ ትንሹ ዙኮ ካጎቱ ጎን ይቀመጣል። ያጎትየው ፍቅር የሚበቅለው ከዚያ ነው። በካርቱኑ መጨረሻ አጎቱን የከዳው ዙኮ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመጣ አይሮ ተኝቷል፤ አጠገቡ ተንበርክኮ እስኪነጋ ይጠብቃል፤ ሲነቃ ይቅርታውን ተናግሮ ሳይጨርስ አጎቱ ስቦ አቀፈው። ይህንን አይቶ «ካታራስ?» የሚል ሰው ምን ያህል እንዳመለጠው ቢያውቅ ምኞቴ ነው።

መቼስ ይህ የዛሬ ልጆች ጉድለት ብቻ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ ሲነሣ ከሰብለና ከበዛብህ ሌላ የሚታወሰው ስንቱ ነው? ሰብለ ባባቷ ቤት ሰው ሆና የተሰማችው ከጉዱ ካሳ ዘንድ አልነበረምን? ታላላቆቻችንም እንዲህ አንብበዋል፤ ልጆቹ የወረሱት አንድ የቆየ ድህነት ነው።

«መዝናኛ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝ አሉ። የሚያስጨንቀኝ አዘጋጆቹ አድናቂ የሚለውን ስለሚሰሙ ነው። ኔትፍሊክስ የመጀመሪያው ሲዝን በወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲዝን እንደሚሠራ አስታውቋል፤ የካታራና የዙኮ ዕርቅ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ጩኸቱ ሁሉ ስለ ጥምረት ከሆነ ያ እቅፍ ወደ ጥምረት ተጎትቶ ይቀርባል፤ ሶካ ላይ የደረሰው እሱ ላይም ይደርሳል። ስለዚህ አስተያየት የምትጽፉ ልጆች የካታራ ቁጣ ይመለስ ብላችሁ ጻፉ፤ ሰውየው ዝናብ ውስጥ የተናገረው ሳይቀነስ ይቅረብ በሉ። ፊልም በአማርኛ እየተረካችሁ የምታቀርቡልን ደግሞ፣ እዚያ ትዕይንት ላይ ስትደርሱ «ፍቅር ያዛት» የሚል ቃል ከራሳችሁ አትጨምሩ፤ ይቅር አለችው በሉ።