ያላዩት አገር አይናፍቅም

ርእሰ አንቀጽ

የመኝታ ቤቱ ቧንቧ በሚደርቅበትና የምግብ ቤቱ ሽሮ ከቀን ወደ ቀን በሚቀጥንበት ጊዜ የተማሪዎች ኅብረት ልሳን ስለ ወንዝና ስለ ወፍ መጻፉ ቅንጦት ነው የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የቧንቧውንም የሽሮውንም ነገር ባለፉት እትሞች ጽፈናል፤ ወደፊትም እንጽፋለን። ዛሬ ግን አንባቢዎቻችን ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን። የምናነሣው ጉዳይ ከውሃና ከወጥ የራቀ አለመሆኑን መጨረሻው ያሳያልና።

ጉዳዩ ይህ ነው። በከተማችን መናፈሻዎችና በወንዞቻችን ዳር፣ ይልቁንም በአቃቂ ቃሊቲ፣ ሕዝቡ በዕረፍት ቀኑ ከአዋቂ ጋር እየተዘዋወረ ተፈጥሮን የሚመለከትበት፣ የሚጠይቅበትና የሚማርበት ጉዞ በየወሩ እንዲደረግ እንፈልጋለን። ጉዞውን የሚመሩትም የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲሆኑ እንጠይቃለን።

ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባሎቹን እየመራ ወደ ሐይቁና ወደ ጫካው የማውጣት የቆየ ልማድ አለው። በስተ ሰሜን ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በአንድነት ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር መሬት ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ከዚያም ወዲህ አንድነት ፓርክ በ2019፣ የወዳጅነት አደባባይና የእንጦጦ ፓርክ በ2020 እ.ኤ.አ. ተከፍተዋል። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ካርታውን ዘርግቶ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ጫካውና አበባው ወደ መሐልና ወደ ሰሜን ሲያመዝን፣ ውሃው ግን ያን ሁሉ ሠፈር አጥቦ የሚወርደው ወደኛ ነው።

ትንሹ አቃቂ በምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይወርዳሉ። ቀበና ባንተይቀጡን ተቀብሎ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ሁለቱ አቃቂዎች ከከተማው በስተ ደቡብ ባለው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር የሚቀር ወንዝ ነው። ስለዚህ በፒያሳ የተጣለው ቆሻሻ እኛን አልፎ ሲሄድም ከአገር አይወጣም።

የአባ ሳሙኤል ግድብ በ1930ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ 6.6 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት የተሠራና ለአዲስ አበባ መብራት ያበራ ነው። ብዙ ዘመን ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ዕርዳታ ታድሷል። ሐይቁን ዛሬ የሚመለከት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከውሃው ይልቅ እምቦጩን ያያል። ይህም ሆኖ በአካባቢው ባለው ረግረግ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው የውሃ ዳር ወፎች ይሰፍራሉ። ከነሱ ጋር ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጋጋኖ በየሜዳው ሲጮኽ ይሰማል። ከሩቅ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊያየው የሚመጣውን ወፍ የአቃቂ ልጅ ለጩኸቱ ብቻ ያውቀዋል፤ እኛም ከሱ አንሻልም።

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ጧት እኛ ስምንት ተማሪዎች አንድ የተዋስነውን መነጽርና አንድ የወፍ መጽሐፍ ይዘን በወንዙ ዳር ወረድን። እንዲያው ለመማር የወጣን ብንሆንም ልባችን በትንሹ አብጦ እንደነበረ አንክድም። ጎመን ከሚኮተኩቱ አንዲት እናት አጠገብ ደርሰን አንዱ ጓደኛችን ስለ አንድ ቁጥቋጦ በላቲን ስም ገለጻ ጀመረ። እማማ ቀና ብለው አዳመጡትና፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ግራዋ ነው፤ ጋንና እንስራ የምናጥብበት፤ ያልከውን ስም ግን እኔ አላውቀውም» አሉት። መጽሐፉን ብንገልጥ ጓደኛችን የላቲኑን ስም ለሌላ ተክል ሰጥቶት ኖሯል። ሳቅንበት፤ እሱም ሳቀ።

የሚያስቀው ግን እዚህ ላይ አበቃ። እማማ ዶማቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉን፦ «በልጅነቴ ከዚህ ውሃ ጠጥቻለሁ፤ ልብስም አጥቤበታለሁ። አሁን የሚመጡት እንደናንተ ያሉ ልጆች ናቸው፤ በብልቃጥ ይቀዱና ይሄዳሉ። ምን እንዳገኙበት ግን ተመልሶ የነገረን የለም። እናንተስ ትመለሳላችሁ?»

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ መልስ አልነበረንም። ብልቃጡን የቀዱት እነማን እንደሆኑ አናውቅም፤ ሥራቸውንም አንነቅፍም። በአቃቂ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን የሚናገሩ ጥናቶች በየመጽሔቱ ታትመዋል። ከነዚህ ውስጥ ክሮሚየም ለቆዳ ፋፊ ፋብሪካ የሚያገለግል ነው። ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ጎመኑ ደግሞ በገበያ ይሸጣል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ አይበልጥም። ማን ይሂደው? እኛ ካልሄድነው ማን?

«ለተራበ ሕዝብ ወፍ ማሳየት ምን ይረባል?» የሚለውን ጥያቄ አክብረን እንመልሳለን። ወፍ እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን ጎመኑን የሚበላው ያው የተራበው ሕዝብ ነው። ለአዲስ አበባ የሚጠጣ ውሃ ከሚቀዳባቸው ታላላቅ ጉድጓዶች ብዙዎቹ በዚሁ በአቃቂ ምድር ውስጥ ናቸው። ዝናቡን እንደ ወንፊት እያሳለፈ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ያ ቀይና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለ ውሃ ሲባል ሊጠበቅ የሚገባው ነገር መሆኑን የሠፈሩ ሰው በዓይኑ ቢያየው፣ ነገ በላዩ ላይ ቆሻሻ ሲደፋበት ዝም ብሎ አይመለከትም። አባቶቻችን «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ያሉት ይህንኑ ነው። ሰው ለማያውቀው ወንዝ አቤቱታ አይጽፍም፤ ስሙን ለማያውቀው ዛፍ ከመጥረቢያ ፊት አይቆምም።

«ተማሪ ምን አቅም አለው?» ለሚሉም ጎረቤታችንን ኬንያን እንጠቅሳለን። የኬንያ የዱር አራዊት ክበቦች በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋሙት በተማሪዎች ነው። ክበቦቹም በየትምህርት ቤቱ ተስፋፍተው ስንት ወጣት አገሩን እንዲያይ አድርገዋል። ናይሮቢ የቻለችውን አዲስ አበባ የማትችልበት ምክንያት አይታየንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐሳባችን አጭር ነው።

አንደኛ፣ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ 3 ሰዓት ላይ፣ ከሃያ የማይበልጥ ሰው በነጻ የሚሄድበት ጉዞ ይደረግ። አንዱ ወር በወንዙ ዳር፣ አንዱ በአባ ሳሙኤል፣ አንዱ ደግሞ በጎረቤታችን በብሔረ ጽጌ መናፈሻ ይሁን። ከጥላው ሥር የሚቀመጠው ሰው ብዙ ነው፤ ዛፉን በስሙ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ጉዞ ከሁለት ተማሪ መሪዎች ጋር አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ወይም እናት ይኑሩ። ገለጻው በአማርኛና በኦሮምኛ ይሁን። ዛፉና ወፉ መጀመሪያ የአገሬው ሰው በሚጠራው ስም ይጠራ፤ የላቲኑ ስም፣ መጽሐፉን ካየን በኋላ፣ ይከተል።

ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን ስለ አቃቂ ውሃና አፈር የተጻፉትን ጥናቶች ፍሬ ነገር ማንም ማንበብ በሚችለው አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገጽ እንድናወጣ ይርዱን። እኛ በስቴንስል አባዝተን በገበሬው እጅ እናስገባዋለን። የጥናቱ ውጤት መጥፎ ቢሆንም አይደበቅ። የትኛው አትክልት ይልቅ እንደሚጎዳ፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ይጻፍበት። ገበሬውን ከማሳው ለማስነሣት ሰበብ እንዳይሆንም ጥንቃቄ ይደረግ፤ ውሃውን የበከለው ጎመን የተከለው ሰው አይደለምና።

አራተኛ፣ ኅብረቱ ከዓመታዊ በዓሉ ወጪ ጥቂት ቀንሶ ሦስት መነጽር ይግዛ። የአንድ ምሽት ሙዚቃ ቢጎድል ማንም አይሞትም።

ለፎቶግራፍ ተሰልፎ አንድ ችግኝ ተክሎ መመለስን ግን አንፈልግም። ከዚህ በፊት እኛም ተክለን ውሃ ሳናጠጣ የቀረንበት ችግኝ አለ፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው። ይህ ጉዞ የሚጠይቀው ተመልሶ መምጣትን ነው።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እየተባለ የሚተረተው በሌላ ሰው ላይ ይመስለን ነበር። የአቃቂ ልጅ በሁለት ወንዝ መካከል ቆሞ የሚጠጣውን በጀሪካን ሲጠብቅ ስናይ ተረቱ የኛው መሆኑ ገባን። ወንዙን በአንድ እሑድ አናጠራውም። የጠየቁንን እናት ግን በአንድ እሑድ ልንመልስላቸው እንችላለን።

የሚቀጥለው ወር የመጨረሻ እሑድ፣ 3 ሰዓት ላይ፣ በግቢው በር እንጠብቃችኋለን። ጫማችሁ ጭቃ የሚችል ይሁን።