ወታደሩ የማን ነበር?

እኛ የጎንደር ልጆች ፒያሳ አምሽተን ስንመለስ ካፖርት ደርበው በር የሚጠብቁ አዛውንቶች እናያለን። ከመካከላቸው የቀድሞው ጦር ወታደሮች አሉ። «ደህና እደሩ አባባ» ብለን እናልፋለን። በቃ፣ ውለታ የከፈልን ይመስለናል!

በግንቦት 1983 ዓ.ም ሠራዊቱ ሲበተን «የደርግ ወታደር» ተባለ፤ ፋይሉም ተዘጋ። ግን ስንቱ የገበሬ ልጅ ነው በብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ የሄደው? በ1990 ዓ.ም የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ከተበተኑት መካከል «ልምድ ያላቸው» ተብለው የተጠሩ ነበሩ። ስንፈልገው የአገር፣ ሲያረጅ የደርግ!

ደርግም ያው ነበር። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱትን ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ወታደሮች ከኮሚኒስት ጋር ተዋግታችኋል ብሎ በጎሪጥ አያቸው። የጦራቸው ኮሪያ ናት፤ የልጅ ልጆቻቸውንም ታስተምራለች። የላካቸው ግን ማን ነበር?

ፓሪስ ውስጥ ኢንቫሊድ የሚባል ቤት አለ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1670 እ.ኤ.አ. ለጦር ጉዳተኞችና ለአዛውንት ወታደሮች ያቋቋመው ነው። ንጉሡ ሄደ፣ አብዮቱ አለፈ፣ ናፖሊዮንም ወደቀ። ቤቱ ግን ዛሬም የጦር ጉዳተኞችን ይጦራል።

የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ጡረታውም መጦሪያ ቤቱም ያገለገለበት ዘመን ተቆጥሮ ይሰጥ እንጂ የመንግሥቱ ስም አይጠየቅበት። ምጽዋት አላልንም፤ ዕዳ ነው ያልነው። ዛሬ ዩኒፎርም የለበሰው እኩያችንም ያረጃል። ያኔ መንግሥት ተለውጦ ቢያገኘውስ?