የወፍ በሽታን ሐኪም ያውቀዋል

«የወፍ በሽታ የሐኪም አይደለም።» ከሰቃ እስከ አጋሮ፣ ከዴዶ እስከ ሊሙ ገነት ይህን ያልሰማ አለ? ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው። «መርፌ ከተወጋ ይሞታል፤ ጤና ጣቢያ እንዳትወስዱት» ይባላል። ባለሥሩ ይጠራል። ይህን የሚለው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ብቻ ቢሆን እሰየው። መምህሩ ይለዋል። የወረዳው ሹም ይለዋል። ቀን ነጭ ጋውን ለብሶ የሚውለው እንኳ ማታ ቤቱ ሲገባ ይለዋል። እኔ ግን በቃኝ። ውሸት ነው። ያውም ሰው የሚገድል ውሸት።

«እገሌ ሥር ጠጥቶ አልዳነም?» ትሉኛላችሁ። ድኗል፤ ማን ካደ? ጥያቄው ምን አዳነው ነው። የወፍ በሽታ የምንለው የጉበት በሽታ ነው፤ ጉበትን ለይተው የሚያጠቁት ቫይረሶች ደግሞ አምስት ናቸው፤ ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ። ኤ እና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ይገባሉ፤ አብዛኛው ሰው ያለ ምንም መድኃኒት በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ቢ እንኳ በአዋቂነቱ ከያዘው ሰው መካከል ከ100 ከ95 የሚበልጠውን ሰውነቱ ራሱ ያጸዳለታል። ባለሥሩ የሚገባው በዚህ መሀል ነው። ሥሩን ሰጠ፤ ቀኑ ደረሰ፤ በሽተኛው ተነሣ። ምስጋናው ለማን ሆነ? ለባለሥሩ። ያልተነሣውስ? ሆዱ ውኃ ሲይዝ፣ ደም ሲያስታውክ፣ አእምሮውን ሲስት በመጨረሻዋ ሰዓት ወደ ጅማ ይጫናል። እዚያ ይሞታል። «አላልንም? ሐኪም ቤት ገደለው» ይባላል። የዳነው ሁሉ ለባለሥሩ፣ የሞተው ሁሉ ለሐኪም! የቡና ነጋዴ እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢያቀርብላችሁ ትፈርማላችሁ?

«ሥር ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚለኝም አለ። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መንደርተኛውን ሆዱን እየነፋ የጨረሰውን የጉበት በሽታ ተመራማሪዎች ከእህል ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ አረም ጋር አያይዘውታል። ቅጠል ጉበት ይበላል። ታዲያ ጉበቱ በቫይረስ የቆሰለ ሰው ላይ፣ መጠኑ ያልታወቀ፣ ስሙ የማይነገር ሥር የምንጨምረው ምን ተማምነን ነው?

ለመሆኑ «ሐኪም አያውቀውም» የሚባለው ማን ነው? ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ? የጎንደሩ የአለቃ ጸጋ ልጅ ናቸው። የቤተ ክህነት ቤት ያሳደጋቸው ሰው ናቸው፤ «ባህሉን አያውቅም፣ ፈረንጅ አሳስቶት ነው» ሊላቸው የሚደፍር ካለ ይምጣ። ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው አገራቸው ተመለሱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ ሕክምና እያስተማሩ ጉበታችንን መረመሩ። ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ እና ዲን ስርጭት በኢትዮጵያ አጥንተው በ1986 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ቀጥለውም ሄፓታይተስ ኢ በነፍሰ ጡሮቻችን ላይ የሚያደርሰውን ጻፉ። ሌላውን በሳምንታት የሚለቀው ይህ ቫይረስ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት የያዛትን ሴት ከአምስት አንዷን ሊገድል ይችላል። ይህ ከተጻፈ 30 ዓመት አለፈው። እኛ ግን ዛሬም ዓይኗ ቢጫ የሆነባትን ነፍሰ ጡር ከሐኪም እንደብቃለን። አላዋቂው ማን ነው? ሐኪሙ ወይስ እኛ?

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቢጫ የማይሆነው ነው። ከእናቱ ሲወለድ ወይም ዓመት ሳይሞላው ቢ የያዘው ሕፃን ዓይኑ ቢጫ ላይሆን ይችላል። አያለቅስም፤ ይጠባል፤ ያድጋል። ነገር ግን እንዲህ ካሉት 100 ሕፃናት በ90ዎቹ ቫይረሱ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። ገና በጎልማሳነቱ፣ ልጆቹን ሳያደርስ፣ ጉበቱ ሊጠጥር ወይም ካንሰር ሊያወጣ ይችላል። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመው ብሔራዊ ጥናት ከየክፍለ አገሩ ከ5,000 በላይ ወጣት ወንዶችን መርምሮ ከአሥሩ አንዱን ቫይረሱን ተሸክሞ አገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት የዓለምን የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ሸክም ሁለት ሦስተኛ ከተሸከሙት አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ባለሥሩ ይህን በዓይን አይቶ ያውቀዋል?

ጥንቃቄያችንንስ አይታችሁታል? ቫይረሱ እንዳለባት የተሰማች ሴት ቡና ስትጠራ ጎረቤት ይቀራል። ሲኒዋ ይለያል። ሄፓታይተስ ቢ በሲኒ አይተላለፍም! አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ሲኒ የሚለየው ሰው ግን ልጁን እንጥል ያስቆርጣል፤ ስንት ልጅ የተገረዘበትን ምላጭ ዝም ብሎ ያያል። ገዳዩን አስገብተን ጎረቤታችንን እናባርራለን።

ጫቱንማ ማን ይነካል? የሐረር ሆስፒታሎች ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጫት መቃም ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ፣ አደጋውም ከሚቃመው መጠን ጋር እንደሚጨምር አሳይቷል። ጅማ ይህን ስትሰማ ጆሮዋን ትደፍናለች። ገበያው ይጎዳላ!

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ተመረመረች። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ያለበትን ሠራተኛ አይቀበሉም። «ወድቀሻል» ብለው ሸኟት። ምን እንዳለባት በወጉ ያስረዳት የለም። ልጆችሽ ይመርመሩ፣ ባልሽ ይከተብ ያላት የለም። ይህ የእሷ ብቻ ነው? ከጅማ ዙሪያ የወጡ ስንት ሴቶች በዚህ መንገድ አልፈዋል? ለሰው ቤት አገልጋይነት ስትፈለግ ጉበቷ ይታያል። እናት ስትሆን ግን ስንት ጊዜ ይታያል? የባዕድ አሠሪ ለወጥ ቤቱ የጠየቀውን እኛ ለገዛ ልጃችን አንጠይቅም። ከዚህ የበለጠ ውርደት አሳዩኝ።

መንግሥትስ? ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት በ2007 እ.ኤ.አ. ሲገባ የመጀመሪያው መርፌ የሚሰጠው በ6ኛው ሳምንት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2009 እ.ኤ.አ. ሕፃን ሁሉ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የቢን ክትባት ይከተብ ብሏል። እናቱ ተሸካሚ ለሆነች ሕፃን ስድስት ሳምንት ምን ይጠቅመዋል? የጤና ባለሙያውስ? አብዛኛው ራሱ ሦስቱን የቢ ክትባት እንዳልጨረሰ የአገራችን ጥናቶች ደጋግመው ጽፈዋል። ራሱን ያልከተበ ማንን ያሳምናል?

«መድኃኒት የለውም» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉ። ሲ በ12 ሳምንት ኪኒን ከ100 ከ95 በላይ ይድናል። ቢን ቴኖፎቪር የሚባል በቀን አንድ ኪኒን ይገታዋል፤ ለኤች አይ ቪ በየከተማው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ማለት ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ዶክተር ኃይለሚካኤል ደሳለኝና የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ከ1,000 በላይ ሕሙማንን መዝግበው ተከታትለዋል፤ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውንም አክመዋል። በአገር ልጅ እጅ፣ በአገር ውስጥ ይቻላል።

እናንተም በልባችሁ ይህን ታውቃላችሁ። ለቅሶ ላይ «ሐኪም ቤት ገደለው» ሲባል አንገታችሁን ደፍታችሁ ዝም ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ከእንግዲህ ዝም አትበሉ። ዓይኑ ቢጫ የሆነበትን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱ፤ የቡና ለቀማ እስኪያልቅ አትጠብቁ። እርጉዝ ሚስት ያለህ፣ የሄፓታይተስ ምርመራ ይደረግላት በል። ልጅህ ሲወለድ «የ24 ሰዓቱ ክትባት የታለ?» ብለህ ጠይቅ። የለም ካሉህ ለምን እንደሌለ ጠይቅ። እስኪመጣ ጠይቅ።