«ከጥንት ጀምሮ» ሲሏችሁ «መቼ?» በሉ

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ቡናው ራሱ የጉዳዩ አካል ነው፣ እደርስበታለሁ።

ሰሞኑን ስለ ይፋት የሚጻፈውን ሳነብ አንድ አባባል ይደጋገምብኛል፤ «ከጥንት ጀምሮ»። ከጥንት ጀምሮ ባህላችን ይሄ ነው። ከጥንት ጀምሮ መሬቱ የእኛ ብቻ ነው። ከጥንት ጀምሮ ከእነሱ ጋር አንስማማም። ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ እንዲህ ያለ መልስ ስትጽፉልኝ «ጥንት ማለት መቼ ነው?» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ እጽፍበት ነበር። ዛሬም ጥያቄዬ ያው ነው። እስቲ አሊዩ አምባን ይዘን እንየው።

አሊዩ አምባ ዛሬ ከአንኮበር ወደ ቆላው ሲወረድ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ ሰው ስሟንም አያውቅም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ግን የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ መድረሻው እዚህ ነበር። በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ሸዋ የገባው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እዚችው ከተማ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል፤ መጽሐፉ በ1844 ታትሟል። ገበያው የአርጎባ፣ የሐረሪ፣ የአፋር፣ የአማራና የኦሮሞ ሰው የሚገናኝበት ነበር። ንጉሡ ክርስቲያን ነው፤ የይፋትን ቆላና የምሥራቁን በር የሚጠብቅለት ሹም ግን ወላስማ መሐመድ ይባላል፣ ሙስሊም ነው። «ወላስማ» ደግሞ ከዚያ በፊት በ13ኛው፣ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን የይፋትን ሱልጣኔት የገዛው ቤት ስም ነው። እነዚያ ሱልጣኖች ከክርስቲያን ነገሥታት ጋር ተዋግተዋል፤ ገብረዋል፤ ነግደዋልም። ከሸዋ ሮቢት ብዙ ሳይርቅ ኖራ ላይ ያለው የድንጋይ መስጊድና የከተማ ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ነው።

እንግዲህ «ከጥንት ጀምሮ ጠላቶች ነን» የሚለው ሰው የትኛውን ጥንት ነው የመረጠው? ውጊያውን ብቻ መርጦ ገበያውን ትቶታል። በሌላ በኩል «ከጥንት ጀምሮ በፍቅር ነው የኖርነው» የሚለውም ቢሆን መርጧል። ከአሊዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር፤ እዚያ የሚሸጠው ሰው ነበር። ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች የተወለዱበት ዘመን ማለት ነው! ይሄም ሲሠራበት «ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው» ይባልለት ነበር።

አሁን ወደ ቡናችን። ዛሬ ረከቦትና ጀበና የሌለበት «ባህላዊ ዝግጅት» አለ? የለም። በሣህለ ሥላሴ ሸዋ ግን ቡና የሙስሊም መጠጥ ተብሎ ለክርስቲያን የተከለከለ ነበር። ነገሩ የላላው በምኒልክ ዘመን ነው። ይሄኔ «የአያት የቅድመ አያት ባህላችን» እያላችሁ ከምታፈሉት መካከል ቅድመ አያቱ ቡና ቀምሶ ቢገኝ ንስሐ ይገባ የነበረ አለ። እኔ በዚህ አላፍርም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የጎረቤትን መጠጥ ወስደን የራሳችን አድርገነዋል፣ ጎረቤቱም ምንም አልጎደለበትም።

ማሳውንም እዩት። በርበሬና በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ ከኮሎምበስ በፊት አፍሪካ ውስጥ አልነበሩም። ዛሬ የሸዋ ሮቢትና የቀወት ገበሬ ለውጭ ገበያ የሚያመርተው ማሾ መነሻው ሕንድ ነው። ወደ ደጋው ስትወጡ አንኮበርን የከበበው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በምኒልክ ጊዜ የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። እውነተኛ ነባር ከፈለጋችሁ ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ያለው ጽድና ኮሶ አለላችሁ። በአንኮበር ገደል ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1979 በአንኮበር ስም የመዘገባት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የሌለች። ስለ ጥንት የሚጮኸው ሰው ግን ስለነሱ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ጽዱን ቆርጦ ባሕር ዛፍ ይተክልና «የአባቶቼ መሬት» ይላል።

ቋንቋውስ? በይፋት በኩል ያለው አርጎባ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። አርጎብኛ እስከ ዛሬ በደንብ የሚነገርባቸው ወደ ወሎ በኩል ያሉት እንደ ሾንኬና ጦለሃ ያሉ መንደሮች ናቸው። ብዙዎቻችን አማርኛ ብቻ እየተናገርን የአርጎባ አያት አለን። የኦሮሞ አያትም አለን። ደማችንን በ«ከጥንት ጀምሮ» እንለካው ካልን ብዙው ቤት ለሁለት ይከፈላል።

አሊዩ አምባ ራሷ ለምን እንዲህ ሆነች? አንዳንዱ «ትውልዱ ሰነፈ» ይላል። ትውልዱ ምን አደረገ? መንገዱ ነው የሄደው። ምኒልክ ከተማቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ ንግዱ በዚያ በኩል ዞረ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የግመሉ ሲራራ አበቃለት። ከዚያ ጣሊያን የደሴን መንገድ ጣርማበርን በስቶ በደብረ ሲና አወረደው፤ ሸዋ ሮቢት አደገች፣ አሊዩ አምባ ጥግ ላይ ቀረች። ማንም አልረገማትም። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መንገዱ፣ ገንዘቡና የመንግሥት መቀመጫው ተቀየሩ፣ በቃ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለጨዋታ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል አይተናል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቷል። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ልጁን የቀበረ ሰው ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል አለ፤ ለእሱ ስለ ገበያ ታሪክ ማውራት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በደል ፍትሕ ይፈልጋል፤ ታሪክ በመተረክ አይሻርም። ግን የዛሬን በደል የሠራው የዛሬ ሰው ነው፣ ስምና አድራሻ አለው። «ከጥንት ጀምሮ» ስንል ያ ሰው ከተጠያቂነት ያመልጥና ዕዳው ገበያ ሄዳ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ላይ ይወድቃል። የዚህ አባባል አደጋው እዚህ ጋ ነው።

«ታዲያ ባህል ዝም ብሎ የሚለዋወጥ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ዋጋው እንዲያውም ይጨምራል። ቡናን የተቀበሉት ሰዎች ናቸው፤ ባርነትን የተዉትም ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለልጆቻችን የምናስተላልፈውን የምንመርጠው እኛው ነን፤ መጥፎውን ካስተላለፍን በጥንት ማሳበብ አንችልም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ በዓል ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ አያቶቻችሁን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ፤ ልጅ ሆነው የሚዘሩት ዛሬ ግን የጠፋው የማሽላ ዘር ምን ይባል ነበር? አያታቸው ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ያወሩ ነበር? ገበያ ላይ እምነቱ ከእነሱ የተለየ ደንበኛቸው ማን ነበር? መልሱን ከነዓመቱ ጻፉትና እዚህ ሥር አስቀምጡት። ያኔ «ከጥንት ጀምሮ» የሚል ሲመጣ እናንተ ቢያንስ ዓመተ ምሕረት ይዛችሁ ትጠብቁታላችሁ።