ካምቢዮ ቀያሪዎች፣ እስቲ ቆዩ!

ባለፈው እትም አንድ የፖሊ ወንድማችን «አውቶማቲክ መኪና ለአገራችን አይሆንም» ሲል የጻፈውን አንብበን እዚህ ፔዳ ዶርም ውስጥ ሁለት ሌሊት ሙሉ ተከራክረናል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ያለው ሰው ካምቢዮውን አውርዶ ጥሎ ባለፍሪሲዮኑን ማንዋል ቢያስገባ ይበጀዋል፤ ይህን የሚሠሩት የባሕር ዳር መካኒኮችም «አገር በቀል ጥበበኞች» ተብለው ሊመሰገኑ ይገባል። ጽሑፉ ይጥማል፤ አማርኛው እንደ ጠጅ ይወርዳል። ሐሳቡ ግን ከሥሩ ጠማማ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ካምቢዮ ምን አግብቶት ይለፈልፋል የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ነገሩ ከመፍቻ ይልቅ ወደ ፊደል የቀረበ መሆኑን አሳየዋለሁ።

በቅድሚያ ወንድማችን እውነት የተናገረበትን አልሸሽግም። ባትሪ በሞተ ጊዜ ማንዋል መኪና ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ገፋ ገፋ አድርገው ፍሪሲዮኑን ሲለቁላት ትነሣለች። አውቶማቲኳን ግን የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ተሰብስቦ ቢገፋት ላብ እንጂ ሞተር አይገኝም። ምክንያቱም የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚሽከረከረው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ካልዞረ ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ደግሞ ጎማውና ሞተሩ አይተዋወቁም። የፍሪሲዮን ሸራ እዚሁ ከተማ ይገኛል፤ ለአውቶማቲክ ዕቃ ግን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ መላክ ይመጣል። ደግሞም ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ላይ ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ አያገኘውም። ሦስት ወይም አራት ማርሽ ብቻ ያለው የድሮ አውቶማቲክ ደግሞ ከቀረችው ላይ ቀንሶ በዘይት ውስጥ ያባክናል፤ ቤንዚንም ይበላል። ይህን ሁሉ ተቀብያለሁ። ጠቤ ከዚህ በኋላ ነው።

አጎቴ እንግዳ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ የሚያመላልሱባት አንዲት አሮጌ ኮሮላ አለቻቸው፤ ከዱባይ የመጣች፣ አውቶማቲክ የነበረች። አንድ ቀን ጢስ ዓባይ ላይ ዲናሞዋ ሥራ አቆመና ባትሪዋ ሞተ። መቼም ደግ ሰው አይጠፋም፣ አንድ የአይሱዙ ሾፌር በገመድ አስሮ ያንን 30 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ እየጎተተ ከተማ አደረሳት። ዲናሞው ተጠገነ፤ መኪናዋ ተነሣች፤ ተመስገን ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። የተወሰደችበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) አየት አደረጋትና መካኒኩ «ጋሼ፣ አውቶማቲክ ለዚህ አገር አይሆንዎትም፤ አውርደን ማንዋል እናስገባልዎ» አላቸው። ከዚያ በፊት ምን ደርሶባት ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ማንዋል ማስገባት ለአፍ ይቀላል። ከሞተሩ ኋላ ያለው ስስ ሰሃን ወርዶ ከባዱ ቮላኖ ይታሠራል። የፍሪሲዮን ሸራውና የሚጫነው ሰሃን ይገባሉ። ከዚህ በፊት ያልነበረ ፔዳል ይተከላል፤ ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን የሚገፋበት ፓምፕና ቱቦ ይዘረጋል። የማርሽ ዘንጉ ቦታ ይበጅለታል፣ ካምቢዮው የሚቀመጥበት ጎማ ይለወጣል፣ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች ርዝመታቸው ካልገጠመ እነሱም ይለወጣሉ። ይህ ሁሉ ማንዋል ሆና ከተሠራች ከአንዲት ተመሳሳይ መኪና ሙሉ በሙሉ ሲወሰድ ሥራው ሥራ ነው፤ እጅ ያስነሣል። የአጎቴ ግን ከሦስት መኪና የተለቃቀመ ነበር።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ኮሮላዋ አውቶማቲክ ሳለች ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነች ሞተሪኖዋ አይዞርም ነበር። ያ መከላከያ ማብሪያ ያለው ካምቢዮው ላይ ስለሆነ አብሮ ወረደ፤ ጋራዡ ሁለቱን ሽቦ አጣምሮ በቴፕ ጠቀለለው። አንድ ጧት ልጃቸው ማርሽ ውስጥ መሆኗን ሳያይ ቁልፍ ቢያዞር መኪናዋ ዘልላ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባች። ከአጥሩ ፊት ሰው ቆሞ ቢሆንስ? የፍጥነት መቁጠሪያው ሞቷል። የኋላ ማርሽ መብራት አይበራም። ኮምፒዩተሯ የድሮውን ካምቢዮ ሽቦዎች ፈልጎ ስለሚያጣ ቢጫዋ የማስጠንቀቂያ መብራት ሌት ተቀን በርታ ትኖራለች፤ እንግዲህ ሞተሩ በእውነት ቢታመም በምን ሊታወቅ ነው? መኪናዋ አምስት ሳምንት ያለ ሥራ ቆማ፣ ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠው ብር ለዚህ ጥበብ ወጣ።

መኪናዋ ጋራዥ ቆማ ሳለች መሳቢያዋን ብከፍት የመኪናዋን መጽሐፍ አገኘሁት፤ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የተጻፈ፣ ከነፕላስቲክ ሽፋኑ የተቀመጠ። ስለ መጎተት የሚናገረው ገጽ የሚለው ግልጽ ነው፤ የሚነዱት የፊት ጎማዎች ከመሬት ሳይነሡ መኪናዋ እንዳትጎተት ያስጠነቅቃል። አጎቴ ማንበብ የማይችሉ ሰው አይደሉም። ዳዊት ይደግማሉ፤ ጋዜጣ ካገኙ እስከ ማስታወቂያው ይጨርሱታል። ያች አንዲት ገጽ በአማርኛ ብትሆን ኖሮ ገመዱን አያስነኳትም ነበር።

ገመድ ምን ያደርጋል? ለሚል፣ ነገሩን ከዚሁ ከአገራችን ላስረዳ። ጢስ ዓባይ ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አሉ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 የተሠሩ። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ውሃ ተርባይን ይመታል፣ ተርባይን ይዞራል። አውቶማቲክ መኪናም ሆዷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጢስ ዓባይ አለች። ቶርክ ኮንቨርተር ይሏታል። ሞተሩ ዘይት ይወረውራል፤ ዘይቱ ከፊት ለፊቱ ያለውን ተርባይን ይመታል፤ ተርባይኑ ካምቢዮውን ያዞራል። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ መኪናዋ ቆማ የምትንተከተከው ለዚህ ነው። ሄርማን ፎቲንገር የሚባል ጀርመናዊ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 ሲያስመዘግብ ያሰበው ለመርከብ ነበር። አሜሪካኖቹ ኦልድስሞቢል መኪና ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ ለገበያ ያወጡት በ1939 ነው። እንግዲህ «ይህ አዲስ ነገር ገና አልለመደልንም» የምንለው ዕቃ ከአያቶቻችን ጋር እኩያ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ገመዱ እንመለስ። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ በፊት ጎማዎቿ ስትጎተት ጎማዎቹ በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ማርሾች ያዞራሉ፤ ፓምፑ ግን ቆሟል። ዘይት አይደርስም። 30 ኪሎ ሜትር ሙሉ ብረት ከብረት ጋር በደረቁ ይፋጫል። አውቶማቲኩን የገደለው ይህ ነው፤ «ለዚህ አገር አለመሆኑ» አይደለም።

ሌላውም ገዳይ ያው ነው። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧና የወንዝ ውሃ እየሞላን እናዝገዋለን። በብዙ መኪኖች ላይ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በዚያው ራዲያተር ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሲበላ ውሃ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ቀዩ ዘይት የእንጆሪ ወተት ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ አጭር ነው። የዘይቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ በመለኪያው ዘንግ ላይ ተቀርጾ ሳለ ሱቅ የተገኘው ይጨመራል። ቶዮታ ላይ ልኩ የሚታየው ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ማንሻውን በሁሉም ቦታ አዙረው ወደ ፒ ከመለሱት በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። እኛ ግን እንደ ሞተር ዘይት አጥፍተን እንለካለን። የዓባይን በረሃ ከደጀን ወደ ታች ዲ ላይ አድርገን ፍሬን እየጠበስን እንወርዳለን፤ 2 እና ኤል የሚሉት ለጌጥ የተጻፉ ይመስል።

ይህ ሁሉ ንባብ ነው እንግዲህ። አሁን ደግሞ የእኛን ትምህርት ክፍል የሚነካውን ልናገር። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፣ የጋራዥ ቋንቋው ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ፤ እኛም አማርኛ አደረግነው። ረዳት ልጅ «ሸራው አልቋል» ሲል ቃል እየተናገረ ብቻ አይደለም፣ በሽታውን እየለየ ነው። ወደ አውቶማቲኩ ስንመጣ ግን ያ ሁሉ ቋንቋ ይጠፋል። ፓምፑም፣ ቫልቮቹም፣ ውስጥ ያሉት ሸራዎችም፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱት የዘይት በሮችም፣ ሁሉም «አውቶማቲኩ» ነው። «አውቶማቲኩ ሞቷል» ይባላል። ሆድ ከሚለው በቀር የውስጥ ዕቃ ስም የማያውቅ ሐኪም ምን ዓይነት መድኃኒት ሊያዝ ነው? የቱን እንደሚያድን ስለማያውቅ ሁሉን ቆርጦ ይጥላል እንጂ!

ስለዚህ ወንድማችን «አገር በቀል ጥበብ» ሲል ደሜ ፈላ። የመካኒኮቻችንን እጅ አልንቅም፤ ከሦስት መኪና አንድ ካምቢዮ የሚያስነሣ እጅ በማንም አገር ይከበራል። ያን እጅ ግን መጽሐፍ ነሥተነው ስናበቃ በመቁረጡ ማጨብጨብ ፌዝ ነው። የካምቢዮው ቤት ከተሰነጠቀ፣ ዕቃው ከጠፋ፣ ከአንድ ዓይነት ሞዴል ሙሉ ማንዋል ከተገኘና የመከላከያ ሽቦው በሥርዓት ከተመለሰ፣ እሺ ይቀየር። ማን ይከለክላል? ዘይቱ ሳይታይ፣ ታሪኳ ሳይጠየቅ «አይሆንዎትም» ማለት ግን ምርመራ አይደለም። ፖሊ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎት ሳለ ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ቅጠል ወረቀት በዚህ ከተማ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም። እኛ ፔዳዎችም ከዚህ ነፃ አይደለንም፤ ስለ ትርጉም ንድፈ ሐሳብ ፈተና እንፈተናለን፣ የሚተረጎመው ነገር ግን በየመኪናው መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል።

«አሮጌ መኪና ነው፣ ያልፋል» የሚለኝ ካለ አላውቅህም እለዋለሁ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገለ መኪና ላይ ከአዲሱ የከበደ ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ እዚህ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች እዚሁ ሊያረጁ ነው። በምትካቸው የምትመጣዋ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የላትም፣ የሚቀያየር ማርሽም የላትም፤ ብዙዎቹም መስኮታቸው ላይ የሚያወጡት ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። እሷ ስትታመም አውርደን በምን ልንተካት ነው?

ለወንድማችን ያለኝ ግብዣ ይህ ነው። አንድ ገጽ እንጻፍ። አለመጎተት፣ ዘይት አለካክ፣ ራዲያተር፣ ቁልቁለት፤ ከዚያም ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት መካኒክ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች። ስሕተቱን የፖሊ ሰዎች ያርሙ፣ አማርኛውን እኛ እናቃናለን፣ ስቴንስሉን እኔ እቆርጣለሁ፤ አባዝተን በየጋራዡ እንለጥፋለን። የቸገረኝ ስሙ ነው፤ ቶርክ ኮንቨርተርን ምን እንበለው? አንድ ቀን በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ አንድ ረዳት ልጅ ያችን ክብ ብረት አቅፎ «ሐብሐቡን የት ላስቀምጠው?» ሲል ሰምቼዋለሁ። ያን ልጅ የሚያውቀው ሰው ካለ ፔዳ ድረስ ይዞልን ይምጣ፤ የቀረውን ዕቃ ምን ምን ብሎ እንደሚጠራው እንጠይቀዋለን።