ዶስቶየቭስኪም ቴዎድሮስ ነው

«ወንጀልና ቅጣት»ን የጻፈው ሩሲያዊ ደራሲ ሙሉ ስሙ ፊዮዶር ሚካይሎቪች ዶስቶየቭስኪ ነው። ሚካይሎቪች ማለት የሚካይል ልጅ ማለት ነው። ፊዮዶር ደግሞ ቴዎድሮስ ነው። እንግዲህ ሰውዬው በእኛ አጠራር ቴዎድሮስ ሚካኤል ሊባል ነው፤ ክላርክስተን ውስጥ የሚኖር የአንዳችን አጎት ስም ይመስላል።

ይህን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። እህቴና ባሏ ወንድ ልጅ እየጠበቁ ነው። ስሙ ቴዎድሮስ እንዲሆን ሁሉም ተስማምቷል፤ ያላስማማን የልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ነው። ግማሹ ቤተሰብ «ቲዎዶር ተብሎ ይጻፍ፣ ያው አንድ ስም አይደል? ልጁም ትምህርት ቤት አይቸገርም» ይላል። እኔ አይጻፍ ባይ ነኝ። አትላንታ ውስጥ ይህ ክርክር ያልገባበት የሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ስሙ ይለያይ እንጂ።

«ያው አንድ ስም ነው» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ከሚያስቡት በላይ እውነት ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው። ቴዎስ እግዚአብሔር፣ ዶሮን ስጦታ፤ ሲገጣጠም ቴዎዶሮስ፣ የእግዚአብሔር ስጦታ። (ሁለቱን ቃላት ገልብጣችሁ ብትገጥሟቸው ዶሮቲ የሚለው የሴት ስም ይወጣላችኋል።) ወደ ሩሲያም ወደ ኢትዮጵያም የገባው ከክርስትና ጋር፣ በሰማዕታት ስም ነው። ሩሲያውያን እንግሊዝኛ በምላስና በጥርስ መሀል የሚያወጣው ያ የግሪክ ድምፅ ስላልነበራቸው «ፍ» አደረጉት። ቶማስ ፎማ፣ ማርታም ማርፋ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ድምፅ ፊታ የምትባል ፊደል ነበረቻቸው፤ በ1918 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአጻጻፍ ማሻሻያ ተሰረዘች። የቃሉን መጨረሻ «ኦስ» ደግሞ ቆርጠው ጣሉት።

እኛም ድምፁን አቅልለን «ት» አልነው። «ኦስ»ን ግን አልጣልንም፦ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ማርቆስ፣ ቴዎድሮስ። እንግሊዝኛም እንደ ሩሲያኛው ጥሎታል። ስለዚህ ቲዎዶርን ዋናው፣ ቴዎድሮስን ደግሞ የሐበሻ ቅጂው አድርጎ የሚያስብ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩልኝ። በመጨረሻው ከተመዘነ ለግሪኩ የሚቀርበው የእኛው ነው።

ሩሲያውያን ይህን ትርጉም በራሳቸው ቋንቋም ይዘውታል፤ ቦግዳን የሚለው ስም እግዚአብሔር የሰጠው ማለት ነው። እኛም ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ሀብተ ወልድ እንላለን። በግዕዝ «ሀብት» ስጦታ ነው፤ ገንዘብ የሆነው በኋላ ነው። የማቆላመጫውን ነገር ደግሞ ተዉት፤ እነሱ ፌድያ ሲሉ እኛ ቴዲ እንላለን። ፊዮዶር የሚባሉ ሦስት ዛሮች ነግሠዋል፤ በሶቭየት ዘመን ስሙ የአያት ስም ተብሎ ቀዝቅዞ ነበር፣ አሁን ወላጆች መልሰው እያወጡት ነው።

በኢትዮጵያ ግን ቴዎድሮስ ከስምም በላይ ሆኖ ያውቃል። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ መጥቶ በጽድቅ እንደሚገዛ ይናገር ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ ንጉሥ በዚህ ስም ለጥቂት ጊዜ ነግሦ አልፏል። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭን ካሣ መባሉን ትቶ ቴዎድሮስ ተባለ። ስሙ በዘመነ መሳፍንት ለደከመ ሕዝብ «የጠበቃችሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁን ቴዎድሮስ የሚል ሰው፣ አሰበውም አላሰበው፣ ከዚህ ታሪክ ትንሽ ቆርሶ ይሰጠዋል። ዘፋኙ ቴዲ አፍሮ፣ በሙሉ ስሙ ቴዎድሮስ ካሣሁን፣ ሁለቱንም የንጉሡን ስሞች ይዞ ይዞራል ማለት ይቻላል።

ንጉሡን ቲዎዶር ያሉት እነማን እንደሆኑም አስታውሱ። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጋር መቅደላ የወጡት እንግሊዞች በጋዜጣቸውም በመጽሐፋቸውም «ንጉሥ ቲዎዶር» ብለው ነው የጻፉት። የዶስቶየቭስኪን ልብ ወለድ ዛሬ ከአንድ የአሜሪካ መጻሕፍት ቤት ብታነሡ ሽፋኑ ላይ ቲዎዶር የሚል አታገኙም። ፊዮዶር ተብሎ ታትሟል፤ አንባቢውም ተለማምዶታል። አንድ ተማሪ ያንን ስም ለፈተና ካጠና ቴዎድሮስን መጥራት የሚያቅተው ለምንድን ነው?

«አይቸገርም» የሚለው ክርክር ግን የዋዛ አይደለም። ቲዎዶር ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በጣም የተወደደ ስም ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ዝርዝር፣ በ2024 ከወንድ ሕፃናት ስም 4ኛ ሆኗል፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ እንኳ አልነበረም። እኛ አካባቢ ደግሞ ቅርብ ታሪክ አለው። የፕሬዚዳንት ቲዎዶር ሩዝቬልት እናት ማርታ ቡሎክ ያደገችውም የተዳረችውም ከአትላንታ በስተሰሜን ባለችው ሮዝዌል ነው፤ ቤቱ ዛሬም ይጎበኛል። ቴዲ የሚባለው የድብ አሻንጉሊትም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው፣ በ1902 ሚሲሲፒ ውስጥ ታስሮ የቀረበለትን ድብ አልተኩስም ካለ በኋላ።

ለእኔ ግን ይህ ሁሉ የሚያግዘው የእኔን ወገን ነው። አሜሪካ ውስጥ ቴዲን መጥራት የሚያቅተው አስተማሪ የለም። ልጁ መጫወቻ ሜዳ ላይ ቴዲ ይሁን፤ ሐበሻው አጎቱም ቴዲ ነው የሚለው። ከስሞቻችን ሁሉ ማዳን የማያስፈልገው አንድ ስም ቢኖር ይህ ነው። ታዲያ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለውን መቀየር ለማን ብለን ነው?

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ የነርሲንግ ትምህርት ያመጣብኝ። እኛ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ሕመምተኛውን ቢያንስ በሁለት መለያ እናረጋግጣለን፤ ብዙ ጊዜ በስምና በትውልድ ቀን። ቴዎድሮስ በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። አንዱ ደብሊውዋን ያስገባል፣ ሌላው ይተዋል፤ አንዱ ከቲ ቀጥሎ ኤችን ይጨምራል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ፣ ኢንሹራንሱ ላይ ሌላ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል፤ የአለርጂው መረጃ በአንደኛው ፋይል፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ በሌላኛው ይቀራል። ይህ በቲዎዶር ላይ አይደርስም፤ የቤተሰቤ ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው። መልሱ ግን ስሙን መለወጥ ሳይሆን አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው አለመልቀቅ ይመስለኛል።

ከዚህም የሚብሰው የአባት ስም ነው። ክሊኒካል ላይ ሦስቴ ተጠርተው ዝም ብለው የተቀመጡ አንድ አባት አይቻለሁ። የተጠራው የአባታቸው ስም ነበር፤ ራሳቸውን የጠራ ሰው አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩትን ሰው ግን ዓለም «ዶክተር ቴድሮስ» ማለት ለምዷል። በፖለቲካው ያላችሁን ነገር ለሌላ ቀን አቆዩትና፣ በዚህ በኩል ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ድርጅቱም ጋዜጠኛውም በራሳቸው ስም ይጠሯቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ብዙውን ጊዜ የአባቱን የመጨረሻ ስም ይወስዳል። የእኛ የመጨረሻ ስም ግን አያት ነው። ልዑል ዓለማየሁ ዛሬ ጆርጂያ ውስጥ ተወልዶ ቢሆን፣ አባቱ ቴዎድሮስ ኃይሉ ተብሎ ስለተመዘገበ እሱ ዓለማየሁ ኃይሉ ይባል ነበር፤ ቴዎድሮስ ከመሀል ይጠፋል። ሩሲያውያን ይህን ችግር በሦስት ስም ፈትተውታል፤ የራስ፣ የአባት፣ የቤተሰብ። አንድን ሰው በአክብሮት ሲጠሩም ከራሱ ስም ጋር የአባቱን ነው የሚያስከትሉት፣ ፊዮዶር ሚካይሎቪች እንደሚሉት።

እኛም ለዚህ ቦታ አለን። ቅጹ ላይ የመካከለኛ ስም የሚል መስመር አለ፤ ብዙዎቻችን ባዶ እንተወዋለን፣ ወይም ደስ ያለንን የፈረንጅ ስም እንጽፍበታለን። ለእህቴ ያልኳት ይህን ነው፦ መጀመሪያው ላይ ቴዎድሮስ፣ መሀሉ ላይ የባልሽ የራሱ ስም፣ መጨረሻው ላይ ኢንሹራንሱም ትምህርት ቤቱም እንዳያስቸግር የአያትየው። ባሏ ሐሳቡን ወዶታል። የእኔ እናት እስካሁን ቲዎዶር ላይ ናት።

የቀረው ደብሊውዋ ነች። እኔ ትግባ ባይ ነኝ፤ «ዎ» ያለ እሷ አትሰማም። ከማኅበራችን አባላት ቴዎድሮስ የምትባሉ ብዙ ናችሁና፣ በየትኛው አጻጻፍ እንደምትጽፉትና ምን እንዳጋጠማችሁ ላኩልን። ሰርተፊኬቱ ገና አልተሞላም።